«ያስታውቃል»፦ ባለሙያ የሚያውቀውና ኮምፒውተር የሚቸገርበት

በቡና ቅምሻ ክፍል ውስጥ ወሬ አይበዛም። የሚሰማው የማንኪያ ኳኳታና ቀማሾቹ ቡናውን ከአየር ጋር ወደ አፋቸው ሲስቡት የሚወጣው ሹል ድምፅ ነው። ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይዘጋጃል፤ የእያንዳንዱ ስኒ ቡና ለየብቻው ይፈጫል። አምስት የሆነበት ምክንያት አለው። ከመጠን በላይ የቦካች አንዲት ፍሬ የምታበላሸው የገባችበትን ስኒ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ስኒ የሚፈርድ ሰው ወይ በአንዲት ፍሬ ጥፋት ጆንያውን ሁሉ ይኮንናል፣ ወይ ጥፋቱን ሳያይ ያልፋል። ቀማሹ ይጨልፋል፣ ይስባል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልለዋል፣ ይተፋል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሦስተኛው ስኒ ላይ ግን ይቆማል። ደግሞ ይቀምሳል። ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርግና ይቀጥላል።

ምን አገኘህ ብትሉት መልስ አያጣም፤ «ይቺ ከመጠን በላይ ቦክታለች» ይላችኋል። በምን አወቅህ ስትሉት ግን ትከሻውን ሰብቆ አንድ ቃል ይወረውራል፦ «ያስታውቃል።»

ይህ ቃል ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። «አውቃለሁ» አላለም፤ «ያስታውቃል» ነው ያለው። በሰዋስውም ቢሆን ድርጊቱን የፈጸመው ቀማሹ ሳይሆን ቡናው ነው፤ ቡናው ራሱን አሳወቀ፣ ሰውዬው ተቀበለ። ልብስ ሰፊው ስለ ጨርቁ፣ መካኒኩ ስለ ሞተሩ ድምፅ፣ ሐኪሙ ስለ ሕፃኑ አተነፋፈስ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ይኸው ነው። ለእነሱ ያስታውቃል፤ ለእኛ አያስታውቅም። ኮምፒውተርን ባለሙያ ለማድረግ ሰባ ዓመት ያህል የተደረገው ጥረት ደጋግሞ የተጋጨው ከዚህች ቃል ጋር ነው ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ማሽን በቡናው ሥራ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። በማበጠሪያ መጋዘኖች ፍሬው በካሜራ ፊት ሲወርድ ቀለሙ የተበላሸውን በአየር ግፊት እየተፋ የሚያወጣ መሣሪያ አለ። ጥቁሩን ፍሬ ከሰው እጅ በፈጠነ ሁኔታ ይለቅማል። ያቺ የቦካችው ፍሬ ግን በዓይን ስትታይ ከጤነኞቹ ብዙም ስለማትለይ ታመልጠዋለች። የምትያዘው ስኒው ውስጥ ስትገባ ነው።

ኮምፒውተርን ባለሙያ ለማድረግ መጀመሪያ የታሰበው መንገድ ቀላል ይመስል ነበር፤ ባለሙያውን ጠይቆ የሚለውን መጻፍ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላም የውጭ አገሩ ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማይሲን የተባለ ፕሮግራም ተሠራ። የደም ኢንፌክሽንንና ማጅራት ገትርን የሚያክሙ ስፔሻሊስቶች ተጠየቁ፤ የተናገሩትም «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲያ ነው» በሚል መልክ ወደ 600 ገደማ ደንብ ሆኖ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። ውጤቱ የሚያሳፍር አልነበረም። በ1979 በታተመ ግምገማ፣ መልሱ የማን እንደሆነ ያልተነገራቸው ዳኞች የማይሲንን የመድኃኒት ምርጫ ከዩኒቨርሲቲው ሐኪሞች ምርጫ የማያንስ ሆኖ አግኝተውታል።

ሆኖም በሽተኛ በተኛበት አልጋ አጠገብ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ጥያቄና መልሱ ረጅም ነበር፤ ሲሳሳት ማን እንደሚጠየቅም አይታወቅም። ለዘርፉ ሁሉ ማነቆ የሆነው ግን ደንቡን ከሰው አፍ ማውጣቱ ነው። የዚህ ሥራ ግንባር ቀደም መሪ የነበሩት ኤድዋርድ ፋይገንባም ራሳቸው ይህንኑ መስክረዋል። ባለሙያው ሲጠየቅ አይናገርም ማለት አይደለም፤ ይናገራል። የሚናገረው ግን ተማሪ ሳለ ያጠናውን ደንብ ነው እንጂ ዛሬ የሚሠራበትን አይደለም። 600 ደንብ ተጽፎ የሚቀረው 601ኛው ነው፤ እሱ ሲጻፍ ደግሞ 602ኛው። አበው «ሙያ በልብ ነው» ሲሉ ጉረኛውን ለመገሠጽ ነበር፤ መሐንዲሶቹ ግን አባባሉ ቃል በቃል እውነት ሆኖ ጠበቃቸው።

ባለሙያው ንፉግ ሆኖ አይደለም የማይናገረው። ለዚህ ጥሩ ፍንጭ የሰጠው ቼዝ ነው። የኔዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አድሪያን ደ ግሮት በ1940ዎቹ ታላላቅ ተጫዋቾች የሚያስቡትን ጮክ ብለው እየተናገሩ እንዲጫወቱ አደረጉ። ታላቁ ተጫዋች ከመካከለኛው የሚበልጠው ብዙ እርምጃ ወደፊት በማስላት ይመስል ነበር፤ ልዩነቱ ግን እዚያ ላይ እምብዛም አልተገኘም። ታላቁ ተጫዋች ሰሌዳውን ገና ሲያየው ጥሩው እርምጃ ይታየዋል። በ1973 ደግሞ ዊሊያም ቼስና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለ5 ሰከንድ ብቻ አሳይተው ተጫዋቾቹ ያዩትን መልሰው እንዲደረድሩ ጠየቁ። የቼዝ ሊቁ አብዛኛውን ጠጠር በቦታው መለሰ፤ ጀማሪው ከአራት አምስት አላለፈም። ከዚያ ጠጠሮቹን እንዲሁ በዘፈቀደ በትነው ሲያሳዩት የሊቁ ብልጫ ከሞላ ጎደል ጠፋ።

ስለዚህ ጉዳዩ የማስታወስ ኃይል አይደለም። ፊደል የሚቆጥር ሕፃን እና ጋዜጣ የሚያነብ አባቱ አንዱን ገጽ ቢያዩ፣ ሕፃኑ የሚያየው ፊደል ነው፣ አባቱ የሚያየው ወሬውን ነው። አባትየውን «አሁን ያነበብከው ቃል ስንት ፊደል ነበረው?» ብትሉት ተመልሶ ይቆጥራል። አንድ ጊዜ ግን እሱም ፊደል በፊደል ነበር የሚያነበው። መንገዱን ከተሻገረ በኋላ ድልድዩ ፈርሷል፤ ባለሙያው ደንቡን መናገር የሚያቅተው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ዓይን ከየት ይመጣል? ከሁሉ የጠራ ምሳሌ ሆኖ የማገኘው የቅኔ ቤትን ነው። ተማሪው መጀመሪያ የሚቀኘው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ ይከተላል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። ጎን ለጎን የግእዙን ግስና እርባ ቅምር ያጠናል። ይህኛው እንደ ማይሲን ደንብ ሊጻፍ የሚችለው ክፍል ነው፤ ተጽፏልም። ቅኔው ግን ከደንቡ ውስጥ ተዝቆ አይወጣም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ዛፍ ሥር ወይም ከጎጆው ራቅ ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ያሰማል። የኔታ እዚያው ያርሙታል። ይህ ግስ እዚህ ቦታ አይገባም። ሰሙ ወርቁን አልተሸከመውም። ይህ ምስጢር ተብሏል፣ የሰው ነው። አንዴ የተባለ ቅኔ ተመልሶ አይባልምና ሸምድዶ ማለፍ የለም፤ ተማሪው አፍሮ ይመለሳል፣ በማግሥቱ አዲስ ይዞ ይመጣል። ይህ ለዓመታት ይቀጥላል።

እንደ እኔ ባለሙያ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ በእርማቱ። እርማቱ ሳይውል ሳያድር ይመጣል፤ ከሚያውቅ ሰው አፍ ይመጣል፤ የሚያርፈውም ተማሪው ራሱ በደከመበት ሥራ ላይ ነው። የኔታ ደግሞ ሁልጊዜ አያብራሩም። «አይሆንም» ብለው ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ። ተማሪው ለምን እንዳልሆነ ሲፈልግ ይከርማል። አንድ ቀን የጓደኛውን ቅኔ ሲሰማ፣ የኔታ ገና ሳይናገሩ፣ ጆሮውን ይጎረብጠዋል። ምክንያቱን ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ ለእሱም ማስታወቅ ጀምሯል። ነገሩ ሲጠና፣ የዋሸራን ቤት ከጎንጅ፣ የጎንጅን ከዋድላ በአቀኛኘቱ ሰምቶ እስከ መለየት ያደርሳል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ዋናው ልምድ ነው» ብሎ ያልፋል። አልስማማም። አሥር ሺሕ ሰዓት የሠራ ሁሉ ሊቅ ይሆናል የሚለው ወሬ ብዙ ተራብቷል፤ ነገር ግን አሥር ሺሕ ሰዓት ተሳስቶ ማንም ያላረመው ሰው ስሕተቱን ነው የሚያጠነክረው። በ2005 በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ዳሰሳ 62 የጥናት ውጤቶችን ሰብስቦ ነበር። ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ፣ የሐኪሞቹ የአገልግሎት ዘመን በረዘመ ቁጥር የሥራቸው ጥራት በተለካበት ሁሉ ወርዶ ተገኘ። አንዱ ምክንያት የተማሩት እውቀት ማርጀቱ ነው። ሌላውን ለመገመት ብዙ አያስቸግርም፦ የላኩት በሽተኛ ይዳን ወይም ሌላ ሆስፒታል ሄዶ ይሙት፣ ለሐኪሙ ተመልሶ የሚነግረው የለም። የኔታ የሌለበት ቅኔ ቤት ማለት ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን በ2009 በጋራ ያሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ያጠናክራል። ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ላይ ተቃራኒ ነበሩ፤ ክላይን የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ቅጽበታዊ ውሳኔ የሚያደንቁ፣ ካህነማን የባለሙያን ግምት የሚጠራጠሩ። ተከራክረው የተስማሙበት ነጥብ፣ የባለሙያ ስሜት የሚታመነው ሥራው ራሱ የሚደጋገም ሥርዓት ካለውና ሠሪው ውጤቱን እያየ ለመማር ዕድል ካገኘ ብቻ ነው የሚል ነው። የአየር ትንበያ ባለሙያ ዛሬ ይዘንባል ካለ ማታ እውነቱን ያውቃል። የአክሲዮን ዋጋ ከዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ የሚተነብየው ሰው ግን በሙሉ ልብ መናገሩን ነው የሚማረው።

ይህ መለኪያ ለሰው ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባቆምኩ ነበር። የሚገርመው ኮምፒውተር የት እንደሚያሸንፍም የሚናገረው እሱ ነው። በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን በቼዝ 3.5 ለ2.5 ያሸነፈው ዲፕ ብሉ የተባለ ኮምፒውተር በሰከንድ 200 ሚሊዮን አሰላለፍ የሚያሰላ፣ ጡንቻው የበዛ ካልኩሌተር ነበር፤ ስለ ባለሙያነት ብዙ አያስተምርም። የሚያስተምረው ከ20 ዓመት በኋላ የመጣው አልፋጎ ዜሮ የተባለ ፕሮግራም ነው። ጎ የተባለውን የእስያ የሰሌዳ ጨዋታ ሕግ ብቻ ተነግሮት፣ አንድም የሰው ጨዋታ ሳያይ፣ በሦስት ቀን ውስጥ 4.9 ሚሊዮን ጊዜ ከራሱ ጋር ተጫወተ። ከዚያም ከአንድ ዓመት በፊት የዓለም ሻምፒዮኑን ሊ ሴዶልን 4 ለ1 የረታውን ታላቅ ወንድሙን 100 ለ0 አሸነፈ። ይህ ከቅኔ ቤት ጋር አንድ ነው፤ የኔታ የሆነው የጨዋታው ውጤት ነው። አያዳላም፣ አይደክምም፣ በየጨዋታው መጨረሻ ይፈርዳል። በሒሳብና በኮምፒውተር ፕሮግራም ጽሑፍ ማሽኖቹ በፍጥነት የገሰገሱትም መልሱ ትክክል መሆኑን እዚያው ማረጋገጥ ስለሚቻል ነው። በ2025 የዓለም አቀፉን የሒሳብ ኦሊምፒያድ ጥያቄዎች የጎግል ዲፕማይንድ ሥርዓት ለወርቅ ሜዳሊያ በሚበቃ ነጥብ፣ ከ42 35 አግኝቶ፣ ሠርቷቸዋል።

ግን አብዛኛው የሰው ሥራ እንዲህ ያለ ዳኛ የለውም። በሽተኛ ላይ 4.9 ሚሊዮን ጊዜ ተሳስቶ መማር የለም።

ዳኛው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የሳንባ ራጅ ታሪክ ያሳያል። በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የሳንባ ምችን ከራጅ ፊልም እንዲለይ የሠለጠነ ፕሮግራም ተመለከተ። ፕሮግራሙ በሠለጠነባቸው ሆስፒታሎች ጎበዝ ነበር፤ ወደ ሌላ ሲወሰድ በብዙው አጋጣሚ ደከመ። ሲመረመር፣ ፊልሙ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ከሞላ ጎደል ያለ ስሕተት መለየት ችሏል፤ አንዱ ሆስፒታል የሳንባ ምች በሽተኛ ስለሚበዛበት የፊልሙን ዳር ምልክት ማወቅ ብቻውን ብዙ ነጥብ ያስገኝለት ነበር። ሳንባውን ሳይሆን ማኅተሙን ነበር ያነበበው። በዚህ አልስቅበትም፤ የታረመው በመልሱ ብቻ ነው፣ መንገዱን ያየለት አልነበረም። የኔታ ቢሆኑ ኖሮ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ባሉት ነበር።

ጎ በተባለው ጨዋታም ቢሆን ነገሩ እንደተባለው ፍጹም አልሆነም። በ2023 ኬሊን ፔልሪን የተባለ አሜሪካዊ አማተር ተጫዋች ከዓለም ሻምፒዮኖች ይልቃሉ ከሚባሉት ፕሮግራሞች አንዱን ከ15 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈው። ዘዴው የማሽኑን ጠጠሮች ቀስ ብሎ በሰፊው መክበብ፣ እስከዚያው ሌላ ቦታ በሚደረግ ፍልሚያ ማዘናጋት ነበር። መካከለኛ ተጫዋች የሆነ ሰው ክበቡ ሲዘጋ ያየዋል። ፕሮግራሙ አላየውም፤ ከራሱ ጋር በተጫወተው ሚሊዮን ጨዋታ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ አላጋጠመውማ! ድክመቱን ፈልፍሎ ያገኘው ሌላ የኮምፒውተር ፕሮግራም መሆኑን መደበቅ ግን ተገቢ አይደለም፤ ሰውዬው ያንን ተምሮ ነው በእጁ የተገበረው።

ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያወራላቸው፣ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ የቋንቋ ሞዴሎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ተማሪ ናቸው። የሚማሩት ከተጻፈው ነው። የተጻፈው ደግሞ ያለቀው ሥራ ነው። የታላላቅ መምህራን ቅኔ ተሰብስቦ ታትሟል፤ የኔታ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው «አይሆንም» ያሉት ግን የትም አልተጻፈም። የቡናው ደረጃ መዝገብ ላይ አለ፤ ቀማሹ ሦስተኛው ስኒ ላይ ለምን ተመልሶ እንደቀመሰ የለም። ሐኪሙ የጻፈው ምርመራ ፋይል ውስጥ ይገኛል፤ ጠርጥሮ የተወው የለም። ሞዴሉ ከባለሙያው የሚደርሰው ውጤቱ ነው፣ ውጤቱን ያጠራው መታረም አይደለም። ቅኔ አምጣ ቢባል ግእዝ የሚመስል፣ ቤት የሚመታ ነገር ይደረድራል፤ ሰሙ ግን ወርቁን አይሸከምም፣ አለመሸከሙንም ማንም አልነገረውም። ኩባንያዎቹ ይህን ጉድለት ያወቁት ይመስላል፤ ሐኪሞችን፣ የሕግ ባለሙያዎችንና የሒሳብ ሰዎችን እየከፈሉ የሞዴሎቻቸውን መልስ ያሳርማሉ። የኔታን መቅጠር ጀምረዋል ማለት ነው። ለግእዝና ለአማርኛ ስንት የኔታ እንደሚቀጥሩ ግን ማየት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ማሽኑ ባለሙያውን መተካቱ ያን ያህል አይደለም። የነርቭ መረብ (አንጎልን በመምሰል ከምሳሌ የሚማር የኮምፒውተር ሥርዓት) ጥናት አባት የሚባሉት ጄፍሪ ሂንተን በ2016 የራዲዮሎጂ ሐኪሞችን ማሠልጠን አሁኑኑ ይቁም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽኑ እንደሚበልጣቸው የታወቀ ነው ብለው ነበር። አምስቱ ዓመት ካለፈ ቆየ፤ ራጅ አንባቢ ሐኪም ዛሬም በየአገሩ ይፈለጋል። አሳሳቢው ጀማሪው የሚታረምበት ሥራ እየተወሰደ መሆኑ ነው። ረቂቅ መጻፍ፣ ቀላሉን ፊልም ማየት፣ ትንሹን ፕሮግራም ማረም፤ ማሽኑ መጀመሪያ የሚረከበው ይህን ነው። ይህ ደግሞ ጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃናን ለማሽን ሰጥቶ መወድስ የሚቀኝ ሰው ከየት ይመጣል?

አንጋፋውም ቢሆን አያመልጥም። በ2025 የወጣ የፖላንድ ጥናት የትልቁን አንጀት ውስጥ በካሜራ የሚመረምሩ ልምድ ያላቸው ሐኪሞችን ተመለከተ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ሥራቸው ከመግባቱ በፊት ከመረመሯቸው ሰዎች መካከል ወደ ካንሰር ሊቀየር የሚችል እጢ ያገኙት በ28.4 በመቶው ላይ ነበር። ማሽኑን ከለመዱ በኋላ፣ ያለ ማሽን ሲመረምሩ፣ ቁጥሩ ወደ 22.4 ወረደ። ይህ በምልከታ የተገኘ ውጤት ነውና ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ አቅጣጫው ግን ዝም የሚያሰኝ አይደለም።

በ2023 ጀርመን ውስጥ የተደረገው ሙከራ ደግሞ የበለጠ ግልጽ ነው። 27 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች የጡት ራጅ ፊልም እንዲያነቡ ተደረገ፤ ከአጠገቡ የኮምፒውተር ነው የተባለ አስተያየት ተቀምጧል፤ አንዳንዱ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ነው። አስተያየቱ ትክክል ሲሆን ጀማሪዎቹ ከመቶ ሰማንያ የሚጠጋውን በትክክል መደቡ። አስተያየቱ ሲሳሳት ወደ ሃያ ወረዱ። አንጋፋዎቹም ከ82 ወደ 45 ገደማ ወርደዋል። ዓይናቸው አልጠፋም። የማሽኑ መልስ ቀድሞ ስለተነገራቸው ፊልሙ ራሱ ምን እንደሚል ለመስማት ዕድል አላገኙም።

ቀማሾቹ ዘንድ ለዚህ የቆየ ሥርዓት አለ። በቅምሻ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም ነጥቡን ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አይናገርም፤ ፊቱንም ማጨፍገግ ነውር ነው። ጀማሪው የአንጋፋዎቹን ነጥብ የሚሰማው የራሱን በቀለም ካሰፈረ በኋላ ነው። ልዩነቱ ከሰፋ ማንኪያውን አንሥቶ ወደ ሦስተኛው ስኒ ይመለሳል። እስከዚያ ቡናው ቀዝቅዟል፤ ጉድለት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይብስበታል።